የነዛ አስፈሪ መጽሐፎች ትልቁ ጭራቅ ወላጆቹ ነበሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን አምደኛችሁ ስለ ልጆች ንባብ የጻፉትን አነበብኩት፣ ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ግን መሃል ላይ አስፈሪ መጽሐፍ የልጅን አእምሮ ያውካል የሚል ሃሳብ ጣል አድርገው አልፈዋል፣ እሱን ሳነብ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። እኔ እኮ በነዚህ መጽሐፎች ነው ያደግኩት። አእምሮዬ ታውኮ ከሆነ ያኔ ነው የታወከው፣ ይኸው ትዳር ይዤ ግብር እየከፈልኩ በሰላም እየኖርኩ ነው፣ ብቻ ከእቃ ማጠቢያው ስር ያለውን ቁምሳጥን ስከፍት ትንሽ ጠንቀቅ እላለሁ፣ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የማወራው ስለ ጉዝበምፕስ ነው። ለማታውቁት፣ አር. ኤል. ስታይን የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ለልጆች የጻፈው የሆረር ተከታታይ ነው፣ አሳታሚው ስኮላስቲክ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው ጁላይ 1992 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አታስቀይሩኝ)፣ ዋናው ተከታታይ ደግሞ ዲሴምበር 1997 ላይ ሲዘጋ 62 መጽሐፍ ደርሶ ነበር። ሂሳቡን ስሩት እስቲ፣ አምስት ዓመት ተኩል ውስጥ 62 መጽሐፍ ማለት በየወሩ አንድ ገደማ ነው፣ ሰውየው መቼ እንደሚተኛ እንጃ። ስታይን ራሱ ሲያወራ እንደሰማሁት መጀመሪያ ላይ መጽሐፎቹ ሼልፍ ላይ ተቀምጠው ዞር ብሎ የሚያያቸው አልነበረም፣ ማስታወቂያ የለ ምን የለ፣ ከዛ ልጅ ለልጅ መነጋገር ጀመረ፣ በቃ እሳቱ ተያያዘ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ400 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል ነው የሚባለው፣ ከ30 በላይ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ይሄን ሁሉ የሸጠው አንድም ትልቅ ሰው "አንብብ" ሳይለን ነው። እንደውም "አታንብብ" ብለውን ነው።

እኔ እዛው አሜሪካ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው ትምህርት ቤት የገባሁት፣ ስለዚህ ነገሩ ሲፈነዳ መሃሉ ነበርኩ። ስኮላስቲክ በየትምህርት ቤቱ የመጽሐፍ ባዛር ያካሂዳል፣ ጎማ ያላቸው ትልልቅ የብረት ሼልፎች እየተገፉ ላይብረሪ ይገቡና ሲከፈቱ ውስጣቸው ሙሉ መጽሐፍ ነው፣ ከመጽሐፉ ጎን ደግሞ ማንም የማይፈልገው ማጥፊያ ላጲስ፣ ፖስተር ምናምን (ውሸቴን ነው፣ ላጲሱን ሁላችንም እንፈልገው ነበር)። ከዛ በተረፈ ደግሞ አስተማሪዋ የምታድላት ስስ ወረቀት ላይ የታተመች የመጽሐፍ ዝርዝር አለች፣ የፈለጋችሁት ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ወላጅ ይከፍላል፣ ከሳምንታት በኋላ ካርቶኑ ክፍል ሲመጣ የዛን ቀን ትምህርት የሚባል ነገር የለም። እማዬ "ትምህርታዊ ነው?" ብላ ትጠይቀኛለች፣ እኔ "አዎ ሳይንስ ነው" እላታለሁ፣ ሽፋኑ ላይ ሳቅ የሚሉ አፅሞች አሉ።

ሽፋኑን ካነሳሁ አይቀር፣ ከመጽሐፉ ግማሹ ውለታ የሽፋኑ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ቲም ጃኮበስ የሚባል ሰዓሊ ነው አብዛኛዎቹን የሳላቸው። ሐምራዊውና አረንጓዴው ያበራል፣ ቤቱ ይጣመማል፣ ደረጃው ወደናንተ የሚወርድ ይመስላል፣ የርዕሱ ፊደል ደግሞ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ስለሚታተም ጨለማ ውስጥ በጣት ትዳስሱታላችሁ። ጀርባው ላይ ቁጥር አለው፣ ተንኮሉ እሱ ነው። ልጅን ቁጥር ያለው ነገር ካሳያችሁት አለቀ፣ 11 እና 13 ካለው 12 ሳይኖረው እንቅልፍ አይወስደውም፣ ጭራቅ ሳይሆን ያ ክፍተት ነው የሚያስፈራው። እኛ በርዕስ አንጠራውም ነበር፣ "14 አለህ? በ20 ለውጠኝ" ነው። ታላቅ እህቴ ደግሞ ሁሌ ቀድማኝ ታነብና መጨረሻውን ቁርስ ላይ ትነግረኛለች፣ ይሄን ጋዜጣ ታነባለች፣ እስካሁን ይቅር አላልኩሽም።

እና ባለፈው ክረምት የዚችው የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሞላትና ካርቶኑን ከተቀመጠበት አውጥተን አንድ ላይ ማንበብ ጀመርን። ሁለት ነገር ጠብቄ ነበር፣ ወይ እሷ ፈርታ እናቷ ትጮህብኛለች፣ ወይ እኔ "ይሄን ነው እንዴ የወደድኩት" ብዬ አፍራለሁ። ሁለቱም አልሆነም። ልጅቷ ሳቀች። መጀመሪያ ፈገግ ነበር፣ ከዛ እየቆየች ሲሄድ ምዕራፉ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው "አሁን ድመት ነው የሚሆነው" እያለች ትጠብቅ ጀመር፣ ድመት ነው።

ይሄን ማስረዳት አለብኝ። በነዚህ መጽሐፎች ውስጥ እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚያልቀው ልብ ሰቅሎ ነው። ልጁ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ነው፣ የሆነ ቀዝቃዛ እጅ ትከሻውን ይይዘዋል፣ ይጮሃል፣ ምዕራፍ አለቀ። ገልጣችሁ ስታዩ ታናሽ ወንድሙ ነው። ቀጥሎ መስኮቱ ላይ የሚንቀጠቀጥ ጥላ፣ ምዕራፍ አለቀ፣ መጋረጃ ነው። ደረጃው ስር አይኑ የሚያበራ ነገር፣ ምዕራፍ አለቀ፣ የጎረቤት ውሻ። መጽሐፉ 120 ገጽ ምናምን ሆኖ ምዕራፉ ሰላሳ ገደማ ይሆናል፣ ማለትም በየአራት ገጹ አንድ ጩኸት አለ፣ ከነሱ ሃያው ድመት፣ ወንድም ወይም ንፋስ ነው። በልጅነቴ ሁሉንም አምኜ ነበር የምጮኸው! አሁን ሳነበው ግን የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው፣ ይሄ የቀልድ አሰራር ነው። ታዘጋጃለህ፣ ታስጠብቃለህ፣ ከዛ ያልተጠበቀውን ትጥላለህ። ሰዉ መጨረሻ ላይ ከሳቀ ቀልድ ነው፣ ከጮኸ ሆረር ነው፣ ማሽኑ ግን አንድ ነው።

ደግሞ አጋጣሚ አይደለም። ይሄ ሰውዬ አስፈሪ ደራሲ ከመሆኑ በፊት ቀልደኛ ነበር እኮ። ጆቪያል ቦብ ስታይን በሚል ስም የልጆች የቀልድ መጽሐፍ ሲጽፍ ኖሯል፣ እዛው ስኮላስቲክ ቤት ውስጥ ባናናስ የሚባል የወጣቶች የቀልድ መጽሔት አዘጋጅ ነበር፣ ሙዝ ማለት ነው፣ መጽሔቱን ሙዝ ብሎ የሰየመ ሰው ነው እንግዲህ ሰይጣናዊ ተብሎ የተከሰሰው። የተወለደው 1943 ኦሃዮ ውስጥ ነው፣ በዘጠኝ ዓመቱ ቤታቸው ጣራ ስር ያለ ክፍል ውስጥ የጽሕፈት መኪና አግኝቶ ቀልድ መተየብ ጀመረ። አስፈሪውንም ነገር ያገኘው ፀጉር ቤት ነው፣ እናቱ የማትፈቅዳቸው የሆረር ኮሚክሶች እዛ ስለሚገኙ በየቅዳሜው ፀጉሩን ሊቆረጥ ይሄድ ነበር፣ ራሱ ሲያወራው ልጅ ሆኜ ፀጉር የሚባል ነገር አልነበረኝም ብሎ ይቀልዳል። ጉዝበምፕስ ከመጀመሩ በፊት ከ1989 ጀምሮ ለጎረምሶች የሚሆን ሌላ አስፈሪ ተከታታይ ይጽፍ ነበር፣ እዛኛው ውስጥ ሰው ይሞታል፣ ደም አለ። ለትንንሾቹ ሲመጣ ያንን ትቶ ቀልዱን መለሰበት። የመጀመሪያው የጉዝበምፕስ መጽሐፍ፣ የሙታን ቤት የሚለው፣ ከሌሎቹ ሁሉ የከበደና የጨለመ ነው፣ ደራሲውም ራሱ እሱ ላይ ገና የሳቁን ልክ አላገኘሁትም ነበር ይላል። እውነቱን ነው፣ ድጋሚ ሳነበው እኔም ትንሽ ቀዝቅዞኛል፣ እዛ ውስጥ ውሻው ላይ የሚደርሰው ነገር ለልጅ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መጨረሻቸውን እናገራለሁ፣ ሰላሳ ዓመት ለጠበቃችሁበት መጽሐፍ እኔን አትቆጡ።

ትልቅ ሰው ሆኜ ሳነባቸው ጭራቆቹ አላስፈሩኝም፣ ወላጆቹ ናቸው ያስፈሩኝ። በየመጽሐፉ ልጁ አንድ እውነተኛ ነገር ያያል፣ ሮጦ ሄዶ ለአባትና ለእናቱ ይናገራል፣ እነሱ ደግሞ "ፊልም አብዝተሃል" ብለው እራት ይበላሉ። በቃ ይሄ ነው ጠቅላላው ተከታታይ። ጭራቁ ይቀያየራል፣ አንዴ የእንጨት አሻንጉሊት ነው፣ አንዴ ሙሚያ ነው፣ አንዴ የአትክልት ቦታ ላይ የሚቆም ጢማም ሐውልት ነው፣ "እናቴ እመኚኝ" የሚለው ግን አይቀየርም።

ቁጥር 8ን ውሰዱ። ሉሲ የምትባል ልጅ አለች፣ ወንድሟን በጭራቅ ወሬ ማስፈራራት ሥራዋ ነው፣ ከዛ አንድ ቀን የላይብረሪው ሰራተኛ አቶ ሞርትማን ማንም የለም ብሎ ዝንብ ከማሰሮ እያወጣ ሲበላ ታየዋለች፣ ጭራቅ ነው። ማን ይመናት? ወላጆቿ ጭራሽ ለንባብ ፕሮግራም ብለው ወደሱ ይልኳታል። መጽሐፉን ሙሉ ስትለምናቸው ቆይታ መጨረሻ ላይ ሰውየውን እራት ይጋብዙታል። ይመጣል። እና እናትና አባትየው ይበሉታል። ቤተሰቡ በሙሉ ጭራቅ ነው ለካ፣ ከተማው ውስጥ ሌላ ጭራቅ እንዲኖር ስለማይፈልጉ ነው! የእህቴ ልጅ ይሄን ስትሰማ ከሶፋው ወረደች፣ "ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ አላመኗትም?" ነው ያለችው። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ መልስ የለኝም፣ እኔ ያደግኩት መጨረሻው አስደንቆኝ ነው፣ እሷ ግን ቀጥታ ወደ ወላጆቹ ጥፋት ሄደች።

ቁጥር 2 ደግሞ፣ ምድር ቤት አትግቡ የሚለው፣ ለኔ ከሁሉም የተዋጣለት ነው። አባትየው የእፅዋት ሳይንቲስት ነው፣ ከሥራ ተባሯል፣ እናትየው ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች፣ እሱ ምድር ቤት ዘግቶ የሆነ ነገር ይሠራል። ልጆቹ ማርጋሬትና ኬሲ ናቸው። ቀስ እያለ ይቀየራል፣ ኮፍያ አያወልቅም፣ ኮፍያው ሲወልቅ ራሱ ላይ ቅጠል በቅሏል፣ የተክል ማዳበሪያ ይበላል፣ ደሙ አረንጓዴ ነው። ይሄን ልጅ ሆኜ ሳነብ "ዋው ቅጠል" ነበር ያልኩት። አሁን ሳነበው ሥራ ያጣ አባት ቤቱን ዘግቶ ልጆቹን ማናገር ሲያቆም ነው ያየሁት፣ ልጆቹም ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ሲፈሩ፣ እናት ስትደውል "ደህና ነን" ሲሏት። ቅጠሉን አውጡት፣ ታሪኩ ያለሱም በእግሩ ይቆማል። ከዛ ደግሞ ይሄ ሁሉ ከብዶ ከብዶ ስታይን ምን ያደርጋል፣ ትክክለኛው አባት የትኛው እንደሆነ ታውቆ፣ እሱን መስሎ የወጣው የተክል ቅጂ ተወግዶ፣ ሁሉም ሰላም ሆኖ ማርጋሬት ደጅ ቆማ ሳለ አንዲት ቢጫ አበባ እግሯን ነካ ታደርግና "እኔ ነኝ እውነተኛው አባትሽ" ትላታለች። መጽሐፉ አለቀ። ይሄ ክፋት ነው፣ ግን እንዴት ያለ ደስ የሚል ክፋት።

የጭምብሉን ታሪክ ሳያነሳ የሚያልፍ የጉዝበምፕስ አንባቢ የለም፣ ቁጥር 11። ካርሊ ቤት ቶሎ የምትደነግጥ ልጅ ናት፣ ትምህርት ቤት ሁለት ልጆች ሳንድዊቿ ውስጥ ትል ከተው ያስበሏታል፣ እሷም ለሃሎዊን (ልጆች አስፈሪ ልብስ የሚለብሱበት የአሜሪካኖች በዓል ነው) በጣም አስቀያሚ ጭምብል ገዝታ ልታስደነግጣቸው ትወጣለች፣ ጭምብሉ ከፊቷ ጋር ይጣበቃል። ሃሳቡ የመጣው ከቤቱ ነው፣ የስታይን ልጅ የፍራንከንስታይን ጭምብል አድርጎ ማውለቅ አቅቶት ሲታገል አይቶ ነው፣ አባት ሆዬ ልጁን ከመርዳቱ በፊት "ይሄማ ታሪክ ይወጣዋል" ነው ያለው። (የሚገርመው ይሄው ልጅ አድጎ አንድም የጉዝበምፕስ መጽሐፍ አላነበብኩም ብሎ ይፎክራል አሉ፣ አባቱን ለማናደድ።) ካርሊ ቤት እናቷ የሰፋችላት የሃሎዊን ልብስ ምን ነበር? ዳክዬ። ይሄም ከራሱ ነው፣ ስታይን ልጅ ሆኖ አስፈሪ ነገር መሆን ፈልጎ ወላጆቹ የዳክዬ ልብስ ነው ያመጡለት። እኔ እንግዲህ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ተከታታዩን በሙሉ የማየው በሌላ አይን ነው፣ አስፈሪ መሆን የፈለገ ዳክዬ የለበሰ ልጅ ነው 62 መጽሐፍ የጻፈው።

እና የኩኩ ሰዓቱ፣ ቁጥር 28። ማይክል ታራ የምትባል መርዝ የሆነች ታናሽ እህት አለችው፣ አባቱ አዲስ የገዛው ሰዓት ላይ ያለችውን ወፍ አንገቷን ወደኋላ ያዞራታል፣ በእህቱ እንዲሳበብባት ነው። ጊዜ ወደኋላ መሄድ ይጀምራል፣ ማይክል እያነሰ እያነሰ ዳይፐር ድረስ ይደርሳል፣ በመጨረሻ እንደምንም አስተካክሎት ወደ ዛሬ ይመለሳል። አንድ ችግር ብቻ አለ፣ ሰዓቱ ላይ 1988 የሚለው ዓመት የለም፣ እህቱ የተወለደችበት ዓመት ነው፣ ስለዚህ እህቱ የለችም። ማይክልስ? ተመልሼ ማምጣት ይኖርብኛል ይላል፣ አንድ ቀን፣ ምናልባት። ታናሽ ያለው ሰው በሙሉ ይሄን ገጽ ሁለቴ ነው ያነበበው። ለእህቴ ልጅ ስጨርስላት እናቷን ቀና ብላ አይታ "እማ አንቺ አጎቴን ታመጪው ነበር?" አለች፣ እህቴ ስልኳን ማየት ጀመረች።

የእቃ ማጠቢያውን ቃል ገብቻለሁ። ቁጥር 30 ላይ ከሲንኩ ስር አሮጌ ስፖንጅ ይገኛል፣ ስፖንጁ ይተነፍሳል፣ ስሙ ግሩል ነው፣ ቤቱ ውስጥ ባለ ሰው መጥፎ እድል እየተመገበ ይወፍራል፣ ከሰጣችሁት ትሞታላችሁ፣ ብትመቱት አይሞት፣ ብትፈጩት አይሞት። የሚገድለው ምንድነው? ፍቅር። ልጆቹ አቅፈው ሲያባብሉት፣ ስመው ሲያሞካሹት ደርቆ ያልቃል። ስፖንጅ ነው የምላችሁ። ይሄን ያነበበ ልጅ አእምሮው ታወከ ከተባለ በምን በኩል እንደታወከ አስረዱኝ።

አሁን ደግሞ ጭፍን ወዳጅ እንዳልባል የማይረባውንም ልናገር። ልጆቹ ሁሉ አንድ ናቸው፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ወይ አዲስ ቤት ገብተዋል ወይ ካምፕ ሄደዋል፣ የሚያናድድ ታናሽ አላቸው፣ የፀጉር ቀለማቸው በመጀመሪያው ምዕራፍ ይነገረናል ከዛ በኋላ ስለነሱ ምንም አናውቅም። አርባዎቹን ካለፋችሁ በኋላ ድካሙ ይታያል፣ በወር አንድ የሚጽፍ ሰው ምን ያድርግ፣ ልጆች ዶሮ የሚሆኑበት መጽሐፍ አለ፣ ዶሮ ብቻ ነው ነገሩ፣ ከዶሮ ሌላ ምንም የለም። ስለ እንቁላል ጭራቆች ያለችው ደግሞ ልጁ መጨረሻ ላይ እንቁላል ይጥላል፣ እሷን ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እወዳታለሁ። የጭራቅ ደም የሚለው ታሪክ አራት ጊዜ ተመላልሷል፣ የመጨረሻው 62ኛው እሱ ነው፣ እንደዛ ያለ ተከታታይ በዛ መዘጋት አልነበረበትም። ስላፒ የተባለው የእንጨት አሻንጉሊትም፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው እሱ ነው አይደል፣ ግን ሂዱና ቁጥር 7ን ድጋሚ አንብቡት፣ እዛ ውስጥ ክፉው ስላፒ አይደለም፣ አቶ ዉድ የሚባል ሌላ አሻንጉሊት ነው፣ እሱ በመንገድ መዳመጫ መኪና ተደፍጥጦ ሲያልቅ ነው ስላፒ በመጨረሻው ገጽ አፉን የሚከፍተው። ይሄን በክርክር ስንቱን አሸንፌበታለሁ።

ቲቪውም ነበር፣ በ1995 መጨረሻ የጀመረው፣ ካናዳ ውስጥ የተቀረፀ፣ መግቢያው ላይ አይኑ ቢጫ የሚሆን ውሻ ያለበት። የጭራቆቹ ጭምብል ፕላስቲክ መሆኑ ያስታውቃል፣ ግን የፈራነው ከመግቢያው ሙዚቃ ነበርና ግድ አልነበረንም። 2015 ላይ ጃክ ብላክ ደራሲውን ሆኖ የሠራበት ፊልም ወጣ፣ ደስ ይላል፣ ጭራቆቹን ሁሉ አንድ ላይ ከማጎሩ በቀር። መጽሐፎቹ ደስ የሚሉት አንድ ቤት፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ጭራቅ ስለሆኑ ነበር።

ስለ ማገድ አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ፣ አምደኛችሁ እዛ ጋ ስለሚደርሱ። የአሜሪካ የላይብረሪ ማኅበር ከ1990 እስከ 1999 ባለው ጊዜ ይወገዱልን ተብሎ አቤቱታ የበዛባቸውን መጽሐፎች ደርድሮ ሲያወጣ ጉዝበምፕስ 15ኛ ላይ ነው የተቀመጠው። ወላጆች ትምህርት ቤት ሄደው ልጄን ያስፈራል፣ ጥንቆላ ነው፣ ሰይጣን ነው ብለው አመለከቱ። ግን ስታይን የራሱ ጥብቅ ደንብ ነበረው፣ ፍቺ፣ እፅ፣ በልጅ ላይ የሚደርስ እውነተኛ በደል አያስገባም፣ ልጁ ይሄ ነገር እኔ ቤት ሊደርስ እንደማይችል ማወቅ አለበት ባይ ነው። ስፖንጅ ሊገድለኝ ነው ብሎ የሚፈራ ልጅ ስፖንጅ እንደማይገድለው ያውቃል እኮ፣ ለዛ ነው የሚያስደስተው። የዜና ሰዓት ላይ አጠገባችን ቁጭ ብሎ የሚያየውን ነገር ግን "አይዞህ ውሸት ነው" ልንለው አንችልም፣ እሱን ማንም ሲያግድ አላየሁም።

የቅርቡን ደግሞ ሰምታችሁ ይሆናል፣ 2023 ላይ አሳታሚው ከድሮዎቹ መጽሐፎች የተወሰኑትን በኢ-ቡክ ሲያወጣ እዚህም እዚያም ቃላት እንደቀየረ፣ ስለ ሰው ውፍረት የሚያወሩትን ምናምን አለሳልሶ፣ ተጽፎ ነበር፣ ደራሲው ደግሞ እኔ አንድም ቃል አልቀየርኩም፣ የነገረኝም የለም አለ። አንዳንዱ ስድብ እውነትም ለዛሬ ልጅ አይሆንም፣ እኔም ጮክ ብዬ ሳነብ የዘለልኳት መስመር አለች፣ ግን ዘለልኩ እንጂ መጽሐፉን አልፋቅሁም፣ ልጅቷም ወዲያው "ምን ዘለልክ?" ብላ ነጥቃኝ አነበበችው። ልጅን እንደዛ አታመልጡትም።

ስለዚህ አምደኛችሁ ፈቃደኛ ከሆኑ ጥያቄዬ ቀላል ናት፣ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ከመፍረዳቸው በፊት አንዱን ያንብቡ፣ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ከቁጥር 1 ግን አይጀምሩ፣ እሱ ይከብዳል፣ ተከታታዩንም አይመስልም። በ8 ይጀምሩ፣ ከዛ 2፣ ከዛ 28፣ ሳቁ ካልመጣላቸው በ28 ያቁሙ። ዶሮውን በፍጹም አይንኩት። ልጅ ካላቸው ደግሞ ልጁ ያንብብላቸው፣ ምዕራፉ ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግቶ "ቀሪው ነገ" እንዲላቸው ይንገሩት፣ ያኔ እኛ ምን እንዳሳለፍን ይገባቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ቋሚ አንባቢያችሁ (የታላቋ እህት ታናሽ)